የአርማታ ወለልን በኢፖክሲ ስለ መቀባት

ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የዶካ ከተማ ኑሮዋ የተመሠረተው በእርሻና በንግድ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። በዙሪያዋ ያለው ጥቁር ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ አብቃይ ነው። በገዳሪፍ ግዛት በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ እርሻ የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1944 ገደማ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ ዓመታትም በገዳሪፍ ከተማ በሶቭየት ኅብረት ርዳታ ታላቅ የእህል ጎተራ ተሠርቷል። እህል በሚበዛበት አገር መጋዘን ይበዛል፤ መጋዘን በሚበዛበትም ስፍራ የወለል ጕዳይ ቀላል ነገር ተብሎ የሚተው አይደለም።

ያለ ቅብ የሚቀር የአርማታ ወለል ከጊዜ በኋላ አቧራ ያወጣል፤ የወደቀበትን ዘይት ይመጣል፤ ስንጥቁ የነቀዝ መደበቂያ ይሆናል። በጤና ጣቢያም እንደ ሆነ ደምና ልዩ ልዩ ፈሳሽ የጠጣ ወለል ቢታጠብም አይነጻም። ስለዚህ በዓለም ዙሪያ በሆስፒታሎች፣ በመድኃኒት ፋብሪካዎች፣ በአውሮፕላን መጠገኛዎችና በመጋዘኖች ወለሉን ኢፖክሲ በተባለ ቅብ መሸፈን የተለመደ ሆኗል። ይህ ቅብ በደንቡ ሲሠራ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ያለ ደንቡ ሲሠራ ግን በአንድ ክረምት ውስጥ እንደ ቅርፊት ተነሥቶ ይረግፋል፤ የወጣበትም ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። የሁለቱ ልዩነት ከዕቃው ጥራት ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ ቅቡ ከመፍሰሱ በፊት በሚደረገው ምርመራና ዝግጅት ላይ ያረፈ ስለ ሆነ፣ አሠራሩ ከዚህ ቀጥሎ በየክፍሉ ተገልጿል።

1ኛ፤ ኢፖክሲ ምን ዐይነት ነገር ነው

ኢፖክሲ ተራ ቀለም አይደለም። ተራ ቀለም የሚደርቀው በውስጡ ያለው ውሃ ወይም ማቅጠኛ በንኖ ሲሄድ ነው። ኢፖክሲ ግን በሁለት ዕቃ ተለይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ አንደኛው ሙጫው፣ ሁለተኛው ማጠንከሪያው ነው። ሁለቱ ተለያይተው ሲቀመጡ ፈሳሽ ሆነው ይኖራሉ። በተወሰነው ልክ በተደባለቁ ጊዜ ግን እርስ በርሳቸው ተያይዘው ሙቀት እያወጡ ወደ ጠንካራ አካል ይለወጣሉ። ይህን ለመረዳት ሲሚንቶን ማሰብ ይበቃል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ስለ ደረቀ ሳይሆን ከውሃ ጋራ ስለ ተዋሐደ ነው፤ ኢፖክሲም እንደዚሁ የሚጠነክረው በውሕደት ነው። ስለዚህ የአንዱ ልክ ቢበዛ ወይም ቢያንስ ትርፉ ሳይዋሐድ ይቀርና ወለሉ ለዘወትር የሚያጣብቅ ወይም የሚሰበር ይሆናል። «ፈጥኖ እንዲደርቅ» ተብሎ ማጠንከሪያ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው።

የዚህ ነገር መገኘት ሩቅ ዘመን አይደለም። ጳውል ሽላክ የተባለ ጀርመናዊ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1934 በዚሁ መንገድ የመብት ማረጋገጫ ጠይቋል። ከዚያ በኋላ በስዊስ አገር ፒየር ካስታን ለጥርስ ሥራ የሚሆን ዕቃ ሲፈልግ፣ በአሜሪካም ሲልቫን ግሪንሊ ለቀለም ሥራ ሲመራመር እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው አገኙት። የባዝሉ ሲባ ኩባንያ በ1946 አራልዳይት በተባለው ስም ለገበያ አቀረበው። መጀመሪያ ማጣበቂያ የነበረው ነገር በኋላ የወለል ልብስ ሆኗል። የማጣበቅ ኀይሉም ዛሬም የጥቅሙም የጕዳቱም ምክንያት ነው፤ ጠንካራውን ወለል አጥብቆ ይይዛል፣ ደካማውን ወለል ግን ከነቆዳው ይገሽልጣል።

2ኛ፤ ወለሉ ቅቡን የሚችል ስለ መሆኑ

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ዐይነት ቅብ እንግዛ» ሳይሆን «ወለሉ ይችለዋል ወይ» የሚለው ነው። አዲስ የፈሰሰ አርማታ ከ28 ቀን በፊት ሊቀባ አይገባውም፤ 28 ቀን ካለፈም በኋላ መድረቁ በምርመራ መታወቅ አለበት።

በየከተማው ብዙዎቹ ወለሎች ታች ድንጋይና አርማታ፣ ላዩ ደግሞ ስስ ሊሾ ናቸው። ሊሾው ብዙ ውሃ በገባበት ሲሚንቶ የተሠራ ወይም በሐሩሩ ጊዜ ሳይጠጣ በችኰላ የደረቀ እንደ ሆነ ከአርማታው ጋራ አይያያዝም። ይህን ለማወቅ ወለሉን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ይበቃል፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ስፍራ የተለየ ሊሾ ነው። እንደዚሁም በምስማር ሲጫር በቀላሉ የሚቦረቦርና ዱቄት የሚያወጣ ወለል ቅብ አይሸከምም። የባለሙያዎቹ ልክ ወለሉ ወደ ላይ ሲሳብ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ቢያንስ 1.5 ኒውተን እንዲችል ነው። መሣሪያው በማይገኝበት ስፍራ መዶሻውና ምስማሩ ብዙ ይናገራሉ። ባዶ ድምፅ የሰጠው ሊሾ ተነቅሎ እንደገና ሳይሠራ በላዩ ኢፖክሲ ማፍሰስ ላዩን አሳምሮ ውስጡን ለቄስ እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምርመራ የዘይት ነው። ትራክተር የቆመበት ወይም የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ወለል ላይ ጥቂት ውሃ ሲንጠባጠብበት፣ ውሃው ሳይገባ ተንከባሎ ከቀረ ወለሉ ዘይት ጠጥቷል ማለት ነው። ዘይቱ በማጠቢያና በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ካልወጣ፣ ካልሆነም ያ ክፍል ተፍቆ ካልተነሣ ቅቡ አይይዝም።

3ኛ፤ ስለ ዋልካ አፈርና ስለ ርጥበት

የዶካ አካባቢ አፈር በጎንደርና በጎጃም ገበሬ ዘንድ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በክረምት ውሃ ሲጠጣ ደግሞ ያብጣል፤ ቤቱንም ወለሉንም ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በዚህ አፈር ላይ ያረፈ ወለል ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ እንቅስቃሴ፣ ሁለተኛው ከሥር የሚወጣው ርጥበት ነው።

አርማታ ለዐይን የደረቀ ቢመስልም በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ ያሳልፋል። በበጋ ይህ ውሃ በላዩ በንኖ ይጠፋልና ማንም ልብ አይለውም። ወለሉ በኢፖክሲ በተዘጋ ጊዜ ግን መውጫ ያጣል፤ ከቅቡ ሥር ተሰብስቦ ይገፋል፤ በመጨረሻም ቅቡ አረፋ ሠርቶ ይላቀቃል። ከሥሩ የላስቲክ መከላከያ ሳይነጠፍለት የፈሰሰ አሮጌ ወለል በተለይ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ርጥበቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ስፋቱ 45 ሴንቲሜትር በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ በወለሉ ላይ ተዘርግቶ አራቱም ጠርዞቹ ነፋስ እንዳያስገቡ ተደርገው ይለጠፋሉ። ቢያንስ ለ16 ሰዓት፣ ይልቁንም ለአንድ ቀንና ሌሊት ከቆየ በኋላ ሲነሣ፣ በላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ጠል ከታየ ወይም የወለሉ መልክ ከጠቈረ ርጥበት አለ ማለት ነው። ይህ ምርመራ በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይሆን በየማዕዘኑና በመካከል መደረግ አለበት። ለሆስፒታልና ለትልቅ መጋዘን ግን ልክን በቍጥር የሚያሳዩት የካልሲየም ክሎራይድና በወለሉ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው የርጥበት መለኪያ ይመረጣሉ።

እዚህ ላይ በብርቱ ሊታሰብ የሚገባው የምርመራው ወራት ነው። በሚያዝያ የተመረመረ ወለል፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚሆንበትና አፈሩ በተሰነጠቀበት ጊዜ፣ ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ስለ ነሐሴ ምንም አያረጋግጥም። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለ ሆነ፣ ወለሉ ሊመረመር የሚገባው አፈሩ ውሃ በጠገበበት በክረምቱ መጨረሻ ነው። በዚያ ጊዜ ደረቅ የሆነ ወለል ዓመቱን ሁሉ ደረቅ ነው። ርጥብ ሆኖ ከተገኘ ግን ቅቡን ከመግዛት በፊት የጣሪያውን ውሃ መቀበያ ማድረግ፣ በቤቱ ዙሪያ የውሃ መውረጃ መቈፈርና የደጁን ምድር ከግድግዳው እየራቀ እንዲያዘቀዝቅ ማስተካከል ይገባል። ይህ ሥራ ከኢፖክሲ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእርሱ ይልቅ ይጠቅማል።

4ኛ፤ ወለሉን ስለ ማዘጋጀት

ኢፖክሲ በለሰለሰ ገጽ ላይ አይቆምም። ማንኪያ ያሳለሰው ሊሾ እንደ መስተዋት የሚያበራ ቢሆን ለዐይን ያማረ ነው፤ ለቅብ ግን የማይሆን ነው። ስለዚህ ገጹ እንደ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት እስኪሆን መፋቅ አለበት። ከሁሉ የሚሻለው በመኪና መፋቅ ነው። መኪናው ባልተገኘበት ጊዜ በአሲድ ማጠብ ይቻላል፤ ሆኖም አሲድ ዘይትንና የቈየ ቀለምን አያስወግድም፣ ወለሉንም እንደገና ያረጥባል፤ ስለዚህ ዘይቱ አስቀድሞ መውጣት፣ አሲዱም በብዙ ውሃ ተደጋግሞ መታጠብ፣ ወለሉም እንደገና ለብዙ ቀን መድረቅ አለበት። አሲዱ ሲቀጠን ዘወትር አሲዱን ወደ ውሃው ቀስ አድርጎ ማፍሰስ ነው። ውሃውን ወደ አሲዱ ማፍሰስ ግን ፈንጥቆ ፊትና ዐይን ስለሚያቃጥል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

የማይንቀሳቀስ ስንጥቅ ተከፍቶ ከጠራ በኋላ ኢፖክሲና ደረቅ አሸዋ ተለውሶ ይደፈናል። በየበጋው እየሰፋ በየክረምቱ የሚጠብበው ስንጥቅ ግን ከዋልካው እንቅስቃሴ የመጣ ነውና በጠንካራ ነገር ቢደፈን በአጠገቡ ሌላ ይከፈታል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ እንደ መገጣጠሚያ ተቈጥሮ በሚለጠጥ ዕቃ መሞላት ይገባዋል። በመጨረሻ አቧራው ሁሉ በመጥረጊያ ብቻ ሳይሆን በአየር መሳቢያ መኪና መነሣት አለበት፤ ቅቡ አቧራውን ከያዘ ወለሉን አልያዘምና።

5ኛ፤ ስለ ልኩና ስለ ስሌቱ

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ቅብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲፈስ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ለምሳሌ 10 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ መጋዘን ስፋቱ 120 ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ዙር 0.2 ሚሊሜትር እንዲሆን ከተፈለገ ለአንዱ ዙር 24 ሊትር፣ ለሁለቱ 48 ሊትር ያስፈልጋል። በባልዲና በመቀቢያው ላይ ለሚቀረው ከመቶ 10 ሲጨመር 53 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው ቅቡ በሙሉ ወደ ጠንካራ አካል የሚለወጥ ሲሆን ነው። ግማሹ ውሃ ወይም ማቅጠኛ ከሆነ ግማሹ በንኖ ስለሚጠፋ ለዚሁ ውፍረት እጥፉ ይፈለጋል።

ከዚህ የተነሣ አሠሪው ሥራውን የሚቈጣጠርበት ቀላል መንገድ አለ፤ ይኸውም ባዶውን ጣሳ መቍጠር ነው። ለ120 ካሬ ሜትር 20 ሊትር ብቻ ያመጣ ሥራ ተቋራጭ፣ ምንም ቢምል፣ ሁሉም ቅቡ ጠንካራ አካል ሆኖ ቢቀር እንኳ ከ0.17 ሚሊሜትር የበለጠ ውፍረት አላኖረም። ሰው ለሚመላለስበት ክፍል ሁለት ዙር ስስ ቅብ ይበቃል። በራሱ ተደላድሎ የሚፈሰው ወፍራሙ ዐይነት ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው። ከባድ ዕቃ ለሚጎተትበትና ብረት ለሚወድቅበት የትራክተር መጠገኛ ግን አሸዋ የገባበት ከዚህም የወፈረ ያስፈልጋል።

6ኛ፤ ስለ ወራቱ፣ ስለ ሰዓቱና ስለ አቀባቡ

ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር የሙጫውና የማጠንከሪያው ውሕደት እጥፍ ያህል ይፈጥናል። በ25 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ ሊሠራበት የሚችል ድብልቅ በ35 ዲግሪ 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቈያል። በባልዲ ውስጥ ተከማችቶ ከቈየም የራሱ ሙቀት እያፈጠነው ይጨስና በባልዲው ውስጥ ይደነግያል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት መደባለቅ፣ ወዲያውም በወለሉ ላይ ማፍሰስ ይገባል። ለዶካ አየር የሚስማማው ወራት ዝናቡ ካለፈና ወለሉ ከደረቀ በኋላ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ነው።

ሰዓቱም ምክንያት አለው። ጧት ወለሉ እየሞቀ ሲሄድ በቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ይወጣል፤ ትኵስ ቅብ ካገኘም በአረፋና በመርፌ ቀዳዳ ይበሳዋል። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ መውረድ ሲጀምር ግን አየሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ቅቡም አብሮ ይሰርጋል። ስለዚህ መቀባት የሚሻለው ወደ ማታ ነው። ሆኖም በርጥብ አየር ወለሉ ጠል እንዳይዝ፣ የወለሉ ሙቀት ጠል ከሚፈጠርበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ ከፍ ያለ መሆን አለበት።

አቀባቡ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሙጫው ለብቻው ይማሰላል። ከዚያ ማጠንከሪያው በሙሉ ተጨምሮ ቀስ ብሎ በሚዞር መሰርሰሪያ ለ3 ደቂቃ ያህል ጥግና ታቹ ሳይቀር ይደባለቃል። በባልዲው ጥግ የቀረው በደንብ ያልተዋሐደ ስለሚሆን ተጠርጎ በወለሉ ላይ አይፈስም። ቅቡ በወለሉ ላይ በመስመር ፈስሶ፣ ጠርዙ በብሩሽ፣ መካከሉ በሮለር ይዘረጋል፤ ሥራውም ከውስጠኛው ግድግዳ ጀምሮ ወደ በሩ ይወጣል። ሁለተኛው ዙር ሠሪው ባዘዘው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ይደገማል። ጊዜው ካለፈ ግን የመጀመሪያው ዙር በብርጭቆ ወረቀት ሳይሻክር ሁለተኛው አይይዝም። ውሃ በሚፈስበት ክፍል ሰው እንዳይንሸራተት ገና ባልደረቀው ቅብ ላይ ደረቅ ንጹሕ አሸዋ ይበተናል። ከአንድ ቀን በኋላ በእግር መራመድ ይቻላል፤ ዕቃ መጫንና ውሃ ማፍሰስ ግን አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን መጠበቅ አለበት። እህል ሽታ ስለሚይዝ የቅቡ ሽታ ጨርሶ ሳይጠፋ ጆንያ ማስገባት አይገባም።

7ኛ፤ ስለ ሠራተኛው ጤና

ይህ ክፍል ከሁሉ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ያልጠነከረው ሙጫና ማጠንከሪያው ቆዳን ይጐዳሉ። ጕዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ሰውነት ነገሩን አንድ ጊዜ ከጠላው በኋላ ግን ጥቂቱ እንኳ ሲነካው እጁም ፊቱም ያብጣል፣ ያሳክካል። ይህ ጠባይ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ አይለቅምና ሠራተኛው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የኒትሪል ጓንት፣ የዐይን መነጽርና እጅጌው ረዥም ልብስ ማደል የአሠሪው ግዴታ ሊሆን ይገባዋል፤ ስስ የጎማ ጓንት አይበቃም። ቆዳ ላይ የነካ ሙጫ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል እንጂ በማቅጠኛ አይታጠብም፤ ማቅጠኛው ሙጫውን ወደ ቆዳ ውስጥ ያስገባዋልና። ማቅጠኛ ያለበት ቅብ ጭሱ እሳት ይይዛል፤ ስለዚህ በርና መስኮት ይከፈታሉ፣ ሲጋራና ምድጃም ይርቃሉ። የጠነከረውን አሮጌ ወለል ወይም አርማታውን በሚፍቁበት ጊዜ የሚወጣው አቧራ ሳንባ ስለሚጐዳ አፍና አፍንጫን በሚገባ መሸፈኛ መሸፈን ያስፈልጋል።

8ኛ፤ ኢፖክሲ የማይገባው ስፍራና ለአስተዳደር የሚጠቅም ምክር

ኢፖክሲ ለሁሉ ስፍራ አይሆንም። ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳና ደጅ ላይ ይቢጫል፣ ዱቄትም ያወጣል። ርጥበቱ ባልተወገደ፣ ሊሾው በተለየና ዋልካው በሚያንቀሳቅሰው ወለል ላይም መቀባቱ ገንዘብ መጣል ነው። ለተራ የእህል መጋዘን አቧራውን ለማስቀረት ብቻ ከሆነ፣ ወለሉን የሚያጠነክረው የሲሊኬት ፈሳሽ ርጥበቱን ሳይዘጋ ስለሚያስተነፍስ ይበልጥ ሊስማማ ይችላል። ጆንያውንም ከወለሉ ከፍ አድርጎ በረብራብ ላይ መደርደር፣ ቅብ ኖረም አልኖረም፣ የሚተው ሥርዐት አይደለም። ለማዋለጃ ክፍል፣ ለቍስል ማከሚያና ለመድኃኒት ማስቀመጫ ግን ስንጥቅ የሌለበትና በቀላሉ የሚታጠብ ገጽ አስፈላጊ ስለ ሆነ፣ ወለሉ ምርመራውን ካለፈ ኢፖክሲ ወጪው ይገባዋል።

በመንግሥት ወይም በማኅበር ገንዘብ የሚሠራ ሥራ ውል ሲጻፍ ከሚገቡት ቃሎች ውስጥ ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ሀ/ የርጥበቱ ምርመራ በክረምቱ መጨረሻ ተደርጎ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ፤

ለ/ የተለየው ሊሾ ተነቅሎ እንዲሠራና አሠሪው አይቶ እንዲቀበለው፤

ሐ/ ውፍረቱ በሚሊሜትር፣ የሚገባውም ቅብ በሊትር እንዲወሰን፣ ባዶው ጣሳም ለቍጥር እንዲቀመጥ፤

መ/ ለሠራተኞቹ ጓንትና መነጽር እንዲታደል፤

ሠ/ ከዋጋው ጥቂቱ እስከሚቀጥለው መስከረም ተይዞ፣ ወለሉ አንድ ክረምት አልፎ ከታየ በኋላ እንዲከፈል።

የመጨረሻው ቃል ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። በሚገባ የሠራው ባለሙያ ገንዘቡን በክብር ይቀበላል፤ በችኰላ የሠራውን ግን ዝናቡ ራሱ ይመሰክርበታል። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው የአባቶች ተረት ለወለል ሥራም ሳይቀር እውነት ነው። ይልቁንም ኢፖክሲ አንድ ጊዜ ከፈሰሰና ከጠነከረ በኋላ እንደ እህል ተለቅሞ የሚመለስ አይደለምና፣ ምርመራው ከማፍሰሱ መቅደም አለበት።